ሌጦው ይሄዳል፣ ጃኬቱ ይመጣል

ፍስሐ ገነት ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል። ከይርጋ ጨፌ በስተደቡብ ባለችው በዚህች የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ሥራ የሚጀምሩት ሞተረኞች ደረታቸውን የሚያለብሱት ነገር ሳይዙ አይወጡም። ሹራብ በሹራብ የደረበ አለ፣ የዝናብ ልብስ ያጠለቀ አለ። የቆዳ ጃኬት ያለው ግን ኮራ ብሎ ይቀመጣል። ጃኬቱ ቡናማ ነው፤ ኮሌታው ሰፊ፣ ክርኑ የነጣ፣ ኪሱ ዚፕ ያለው። ከሰልቫጅ ቦንዳ ውስጥ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደሰፋው፣ የየትኛው አገር በግ ወይም ፍየል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

እንዲህ ያለው ጃኬት በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች ሆን ተብሎ ያረጀ እንዲመስል እየተደረገ አዲስ ይሠራል፤ የሚሸጠውም ከነታሪኩ ነው። ታሪኩ አሜሪካ መጠጥ ያገደችበት ዘመን ነው፤ ኮንትሮባንዲስቱ፣ ፈጣኑ መኪና፣ የሌሊቱ ማሳደድ። በዚያው ዘመን ቡናና ሌጦ ከኢትዮጵያ ባሕር ተሻግረው ይሄዱ እንደነበር ግን በጃኬቱ ላይ የተንጠለጠለችው ካርድ አትናገርም። እኛም ብንሆን ታሪኩን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው። አንዱ የቆሎ ተማሪውን ደበሎ ያውቃል፣ ሌላው የአርመኖቹን ጫማ ፋብሪካ፣ ሌላው በሞጆ ሲያልፍ አፍንጫውን የያዘበትን ቀን። ቁርጥራጩን በቅደም ተከተል ለመስፋት እንሞክር። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል።

ከ1900 በፊት፦ ቆዳ የቤት ሀብት ሳለ

ድሮ ቆዳ ያልገባበት ቤት አልነበረም። እህሉ በአቁማዳ ይጫናል፣ ማሩ በስልቻ ይያዛል፣ በሬው በጠፍር ይጠመዳል፣ እንግዳው ጀንዲ ተነጥፎለት ይተኛል። የቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ብራና ነው፤ ማኅደሩም ቆዳ። ልብስም ነበር። የቆሎ ተማሪ ከነፀጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ ደበሎ ደርቦ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ መኳንንቱና ጀግናው የአንበሳና የነብር ለምድ ይለብሳሉ። በደቡቡም የሲዳማና የጉጂ ሴቶች ቅቤ የጠገበ የቆዳ ልብስ ነበራቸው። ስለዚህ ቆዳ መልበስን ከፈረንጅ ተማርን የሚል ካለ ተሳስቷል።

ሙያውም ቀላል አልነበረም። ቆዳው ሳይደርቅ በካስማ ይወጠራል፣ ስቡና የተረፈው ሥጋ በስለት ይፋቃል፣ ፀጉሩ የማይፈለግ ከሆነ ይነሳል። እንደየአገሩ ልማድ በእንቧይ ጭማቂ ይታሻል፣ በቀንጠፋ ቀለም ይቀላል፣ በቅቤ ይለሰልሳል። ከዚያ እስኪለፋ ድረስ በእጅና በእግር ማሸት ነው። ብዙ ቀን የሚፈጅ፣ የሚሸት፣ ጉልበትም ትዕግሥትም የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

ችግሩ ሥራው እየተፈለገ ሠራተኛው መናቁ ነው። ቆዳ የሚያለፋው ሰው “ፋቂ” እየተባለ ተሰደበ፤ በብዙ አካባቢ ርስት አልነበረውም፤ ጎረቤቱ በሠራለት ጀንዲ ላይ እየተኛ ልጁን አይድርለትም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው እየጠሩ መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በእኔ ግምት ያ አዋጅ ከኋላ ከመጡት ብዙ የኢንዱስትሪ መመሪያዎች ይልቅ ነገሩን ከሥሩ የነካ ነበር። ስድብ ግን በአዋጅ አይቆምም። ባለሙያው ልጁ ሙያውን እንዲወርስ ሳይሆን ከሙያው እንዲያመልጥ ይመኝ ነበር። ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ካልተላለፈ፣ ገንዘብም በሠሪው እጅ ካልተጠራቀመ፣ ፋብሪካ ከየት ይመጣል? የኋላው ታሪክ ሁሉ እዚህ ላይ አንድ እግሩን ተክሏል።

1903–1919፦ አቡጀዴ ሲገባ ሌጦ ሲወጣ

በታኅሣሥ 1903 የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በባሕር ኃይል ወታደሮች ታጅቦ፣ በበቅሎ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ አቡጀዴ የኢትዮጵያን ገበያ ይዞ ነበር፤ በአንጻሩ ቡናና ቆዳ በጅቡቲና በኤደን በኩል ይወጣ ነበር። ንግዱ ከዲፕሎማቶቹ ቀድሞ ተዋውቆ ነበር ማለት ይቻላል።

የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ማብቂያ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ባቡሩ የንግዱን ጉዞ አሳጠረ፤ የሚጫነውን ዕቃ ዓይነት ግን አልቀየረም። ነጋዴው ዘንድ “ቆዳ” የከብቱ ነው፣ “ሌጦ” የበጉና የፍየሉ። ሌጦ ከደረቀ አይበሰብስም፣ ይታጠፋል፣ ይከመራል፣ በበቅሎ ይጫናል። ማልፋት አያስፈልገውም፤ ማልፋቱን የሚያውቅ ፋብሪካ ባሕር ማዶ አለ። ነጋዴው ሌጦውን ባለበት ሁኔታ ሸጦ ገንዘቡን በአቡጀዴ መመለስ ቀለለው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የወጪ ንግዳችን ተራ ቡና አንደኛ፣ ቆዳና ሌጦ ሁለተኛ እየተባለ ዘለቀ።

ፍስሐ ገነት ያለችበት የጌዴኦ ምድር በዚህ ንግድ ውስጥ የገባችው በቡናዋ በኩል ነው። እንሰትና ቡና ተጠጋግተው በሚበቅሉበት፣ ሕዝብ በተጨናነቀበት ደጋ ላይ ሰፊ የከብት መንጋ የሚሰማራበት ቦታ የለም። ቆዳው የሚመጣው ከጎረቤቱ ከጉጂ አርብቶ አደር ነበር። ቡናው ከላይ፣ ከብቱ ከታች፤ ሁለቱ ገበያ ላይ ይገናኛሉ።

1920–1933፦ መጠጡ የታገደበት ዘመን

ጥር 17 ቀን 1920 አሜሪካ በሕገ መንግሥቷ 18ኛ ማሻሻያ መሠረት አስካሪ መጠጥ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን አገደች። መጠጣቱ ራሱ አልተከለከለም ነበር፤ ቀዳዳውም ያው ነው። መጠጡ ከካናዳና ከካሪቢያን ደሴቶች በጀልባ፣ ከገጠር የድብቅ መጥመቂያዎች በመኪና ይገባ ጀመር። ቺካጎ የወንበዴዎች ከተማ ሆነች፤ አል ካፖን ስሙ ከፕሬዚዳንቱ ስም እኩል ተጠራ። በመጨረሻ የተፈረደበት በ1931 ነው፤ ያውም በመጠጡ ሳይሆን ግብር ባለመክፈሉ። የኢኮኖሚ ቀውሱ አገሪቱን ሲያደቅቅ መንግሥት ከመጠጥ የሚያገኘው ግብር ትዝ አለውና ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 እገዳው ተነሳ።

ጃኬቱስ? እዚህ ላይ ሻጮቹ የሚተርኩትን ማረም ይገባል። በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ የምናያቸው ወንበዴዎች ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው ነው። ቆዳ የለበሰው ሌላ ሰው ነበር፤ ጣሪያ የሌለው መኪና የሚነዳው ሾፌር፣ ሞተረኛው፣ አብራሪው፣ በብርድ የሚሠራው ወዛደር። ለእነሱ ቆዳ ጌጥ አልነበረም፤ ነፋስ የማያሳልፍ፣ ቢወድቁ ገላን ከመላጥ የሚያድን ልብስ ነበር። ወንበዴውንና ጃኬቱን በአንድ ፖስተር ላይ ያገናኛቸው ከኋላ የመጣ ፊልምና ማስታወቂያ ነው።

ዘመኑ ለጃኬቱ የሰጠው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ቅርጹን። የአሜሪካ ጦር በ1927 ለአብራሪዎቹ ኤ-1 የተባለውን አጭር የቆዳ ጃኬት መረጠ። ወገቡና አንገቱ በሹራብ የተጠለፈ፣ ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ ነበር። በ1928 የኒውዮርኩ ልብስ ሠሪ ኧርቪንግ ሾት ለሞተረኞች የሚሆን፣ በዚፕ የሚዘጋ ጃኬት ሠራ። ስሙን ከሚወደው ሲጋር ወስዶ “ፐርፌክቶ” አለው፤ የተሸጠውም በ5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በ1931 ኤ-2 ተከተለ። ዛሬ “የድሮ ዓይነት” የሚባለው ጃኬት አብዛኛው ከእነዚህ ከሦስቱ የአንዱ ልጅ ነው። ዚፑ ሲመጣ ጃኬቱ ጠበቀ፣ አጠረ፣ ነፋስ መግቢያ አጣ። የጃኬቱ ታሪክ ለሁለት የሚከፈለው ከዚፕ በፊትና ከዚፕ በኋላ ተብሎ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከመጀመሪያዎቹ ጃኬቶች ብዙዎቹ ከፈረስ ቆዳ የተሠሩ ነበሩ። የእኛ አካባቢ ሌጦ ያኔ የሚታወቀው በሌላ ልብስ ነው፤ በጓንት። በቀይ ባሕር ዙሪያ ካሉ አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚወጣው የአጭር ፀጉር በግ ሌጦ በየመኗ ወደብ ስም “ሞካ” እየተባለ ይሸጥ ነበር። ቀጭን ሆኖ አይቀደድም፤ ለጓንት የሚፈለገውም ይኸው ነው። በኒውዮርክ ግዛት ግላቨርስቪል የምትባል፣ ስሟም ሥራዋም ጓንት የሆነ ከተማ ነበረች፤ በዚያ ዘመን በአሜሪካ የሚሸጠው ጓንት አብዛኛው ከእሷና ከአካባቢዋ ይወጣ ነበር። ሞካ ቆዳ ከምርጥ ጥሬ ዕቃዎቿ አንዱ ነበር። መሸታ ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ አሜሪካዊው ቡና አበዛ። ቡናና ሌጦ፣ የእኛ ሁለቱ ጭነቶች፣ በአንድ ዘመን ገበያ ያገኙት እንዲህ ነው።

ገበያው ሲሰፋ ጠቡም ሰፋ። ጌዴኦ ያኔ በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ የሲዳሞ ግዛት ሥር ነበረች። ገበሬው ገባር ነው፤ የቡናው ገቢ ወደ ገዢው ይሄዳል፤ ከገዢው ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው ግን አልጋ ወራሽ ተፈሪን የሚያጠግብ አልነበረም። በ1928 ባልቻ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ተፈሪ እሳቸውን ግብር አብልተው ሲያከብሩ፣ ንፋስ ስልክ የሰፈረው ሠራዊታቸው በገንዘብ ተበትኖ ጠበቃቸው። ሲዳሞ በዚያው ከእጃቸው ወጣ። የቡና ፖለቲካ ጥይት ሳይተኮስ የጨረሰው ሹም ሽር ነው። አስገራሚው፣ ሾት ኒውዮርክ ላይ ዚፑን የገጠመውም በዚሁ ዓመት መሆኑ ነው።

1929–1936፦ ጃኬቱ በአውሮፕላን መጣ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለች አውሮፕላን ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ እያበረራት ከጅቡቲ ተነስታ አዲስ አበባ አረፈች። የዘመኑ አውሮፕላን የአብራሪው መቀመጫ ክፍት ነው፤ በከፍታ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ አብራሪው የሚቋቋመው በቆዳ ኮት፣ በቆዳ ቆብና በመነጽር ነበር። ለቆዳ ባዳ ላልሆነ የአዲስ አበባ ሰው ዘመናዊው የቆዳ ልብስ እንግዲህ በዚህ መልክ ታየው፤ የድሃ ተማሪ ደበሎ ሳይሆን ከሰማይ የሚወርድ ሰው ልብስ ሆኖ።

በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆነው ተመረቁ። በዚያው ዓመት ከኒውዮርክ ሃርለም አንድ ጉደኛ ሰው መጣ፤ “ጥቁሩ ንስር” የሚሉት ትሪኒዳዳዊው ሁበርት ጁሊያን። በሃርለም ሰማይ ላይ በጃንጥላ እየዘለለ ስም ያወጣ፣ ልብስና ወሬ የሚያሳምር ሰው ነበር። ከተፈሪ የንግሥ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ሳይፈቀድለት አስነሳና ከሰከሰው። በበዓሉ ሳይካፈል ከአገር ተሸኘ።

ከአሜሪካ የመጣው ሁለተኛው አብራሪ ግን ቁም ነገረኛ ነው። ጆን ሮቢንሰን ከሚሲሲፒ ተነስቶ፣ በተስኪጊ የመኪና ጥገና ተምሮ ወደዚያችው የመጠጥ ወንበዴዎች መናኸሪያ ወደ ቺካጎ የሄደ ጥቁር ወጣት ነበር። የበረራ ትምህርት ቤቱ ለጥቁር ሰው በሩን ሲዘጋበት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ፤ እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ። ኋላም ከወዳጁ ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር መሠረተ። ጣልያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ በ1935 አዲስ አበባ ገብቶ የጥቂቶቹ አውሮፕላኖች አዛዥ ሆነ። መሣሪያ ባልታጠቁ አውሮፕላኖች በጦር ግንባርና በዋና ከተማው መካከል መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ። ከነጻነት በኋላ በ1944 ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚሁ ተቀበረ። የቺካጎን የ1920ዎቹ ዓመታት በጃኬት ላይ ማስታወስ ለሚፈልግ ልብስ ሠሪ ከአል ካፖን ይልቅ ሮቢንሰን ሺህ ጊዜ የተሻለ ታሪክ ነው።

1941–1974፦ መጀመሪያ ጫማ

ፋብሪካውን ያመጡት አርመኖች ናቸው። ከኦቶማን ግፍ የሸሹ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው፣ ሙያቸው የማያሳፍራቸው ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ እኛ ዘንድ ቆዳ ማልፋት የሚያዋርድ ሥራ ነው፣ እነሱ ዘንድ የሚያከብር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአዲስ አበባ ቆዳ ማልፊያና ጫማ ፋብሪካ ከፈቱ። ኋላ አንበሳ ጫማ የሆነው ዳርማር የእነሱ ነው፤ የአስኮ ሰፈርም ስሙን የያዘው ከአስኮ ጫማ ፋብሪካ ነው። በእነዚህ ፋብሪካዎች የሠለጠኑ ሠራተኞች እየወጡ መርካቶ ውስጥ የየራሳቸውን መስፊያ ከፈቱ። ቀጥሎ አዋሽን የመሳሰሉ ትልልቅ ቆዳ ፋብሪካዎች ተተከሉ።

ታዲያ ለምን ጫማ ብቻ? ለምን ጃኬት አልሆነም? መልሱ ያለው ሌጦው ላይ ነው። አንድ ጃኬት እንደ ልኩና እንደ በጉ ትልቅነት ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆን ሌጦ ይበላል። ሌጦዎቹ ውፍረታቸው፣ ቀለም አቀባበላቸው፣ ልስላሴያቸው አንድ መሆን አለበት። ቆራጩ በብርሃን ፊት ዘርግቶ ያገላብጣቸዋል፤ ጀርባው ለፊት፣ ሆዱ ለብብት፣ አንገቱ ለኮሌታ ሥር። እሾህ የጫረበት፣ ቢላ የነካው፣ ተባይ የበላው ቦታ እየተዘለለ ይቆረጣል። አንዷ ሌጦ ከጓደኞቿ ካልገጠመች ጃኬቱ ዥጉርጉር ይወጣል። ጫማ ላይ ጠባሳውን በቀለም መሸፈን ይቻላል፤ ጃኬት ላይ ግን ደረት ላይ ያለ ጠባሳ ደረት ላይ ነው። ስለዚህ ጃኬት ለመሥራት ብዙ ሌጦ አከማችቶ የሚመርጥ ባለ ገንዘብ፣ የሠለጠነ ቆራጭና ዋጋውን የሚከፍል ገዢ ያስፈልጋል። ጫማ ግን ፖሊሱም ወታደሩም ተማሪውም ይገዛዋል።

ምርጡ ሌጦ እንግዲህ መንገዱን ቀጠለ። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ በዓለም የቆዳ ነጋዴ ዘንድ በስማቸው የሚጠሩ ሆኑ፤ ኮቸሬ ዛሬ በቡና ቆይዎች ዘንድ በስሟ እንደምትጠራ ማለት ነው። የደጋ በግ ሌጦ ቀጭን ነው፤ ቃጫው ግን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ይጠነክራል። የእንግሊዙ የዮቪል ከተማ ጓንት ሠሪ ፒታርድስ ለአሥርተ ዓመታት የገዛው ይህንን ነው። እዚህ ግን ስማቸው በዓለም የናኘው ፍየልና በግ አርቢዎች ከስሙ ያገኙት ነገር የለም።

1975–1991፦ ሁሉም የመንግሥት

በየካቲት 1975 ደርግ 72 ኩባንያዎችን ሲወርስ ቆዳና ጫማ ፋብሪካዎቹም በዚያ ማዕበል ተወሰዱ። ዳርማር አንበሳ ሆነ። አዳዲስ ፋብሪካዎችም ተተከሉ፤ በቆቃ አጠገብ ኤጀርሳ ላይ የቆመው ኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ አንዱ ነው። የመንግሥት ሐሳብ ጥሬውን ማስቀረት ነበር፤ በተግባር ግን የወጣው በከፊል የለፋ ቆዳ ነው። ፀጉሩ ተነስቶ፣ በኬሚካል እንዳይበሰብስ ተደርጎ፣ እርጥቡን ወደ ጣልያንና እንግሊዝ ይጫናል። የመጨረሻው ልስላሴ፣ ቀለም፣ ቅድና ስፌት እዚያ ነው። ትርፉም እዚያ።

በዚህ ዘመን ከውጭ የቆዳ ጃኬት ማምጣት የቻለ ሰው በሰፈሩ ይታወቅ ነበር። መርከበኛ፣ የአየር መንገድ ሠራተኛ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የተመለሰ ተማሪ፤ ከሻንጣቸው የሚወጣው ጃኬት ለሠርግም ለፎቶም በውሰት ይወሰድ ነበር።

1991–2007፦ ላይተሩና እከኩ

ገበያው ሲከፈት ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። አንደኛው የግል ባለሀብት ነው። በሞጆ ዙሪያ ቆዳ ፋብሪካዎች ተደረደሩ፤ የሞጆ ወንዝም ፍሳሹን ተቀበለ። አዋሽና አዲስ አበባ ቆዳ ፋብሪካዎች ወደ ሚድሮክ ቡድን ገብተው ኤሊኮ በሚባለው ድርጅት ሥር ልብስና ቦርሳ መሥራት ቀጠሉ። ከአዲስ አበባ ሱቆች አገር ውስጥ የተሰፋ ጃኬት መግዛት ብርቅነቱ ቀረ።

ሁለተኛው ከውጭ የገባው አርቲፊሻል ቆዳ ነው። መርካቶ ላይ ያን ጊዜ የነበረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደንበኛው ጃኬቱን ሲጠራጠር ሻጩ ኪሱ ይገባና ላይተር ያወጣል። “ኦሪጅናል ሌዘር ነው፣ ይኸው!” ብሎ እሳቱን እጅጌው ጫፍ ላይ ለቅጽበት ያሳርፋል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እውነተኛው ቆዳ አይቀልጥም፤ ቢበዛ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጎበዝ ሻጭ እሳቱን የሚያሳርፈው እውነተኛ ቆዳ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ብቻ እንደነበር የገባው ደንበኛ ግን ጥቂት ነው።

በዚሁ ጊዜ ገጠር ውስጥ ሌላ ጠላት በረታ። እከክ። ቅማልና መሰሎቹ የበጉንና የፍየሉን ገላ ሲበሉ ሌጦው ላይ ጥቃቅን ጠባሳ ይተዋሉ። በሕይወት ሳለ አይታይም፤ ፀጉሩ ተነስቶ ሲለፋ ግን እንደ ፈንጣጣ ብቅ ይላል። ለጓንትና ለጃኬት የሚሆነው አንደኛ ደረጃ ሌጦ እየተመናመነ ሄደ። ሌጦውን ከሥጋው የተረፈ ነገር አድርጎ ለሚያይ ገበሬ ለቆዳው ብሎ በጉን መድኃኒት ማስረጨት አልታይ አለው፤ አይፈረድበትም፤ ሰብሳቢው ለጠባሳ አልባ ሌጦ አስበልጦ አይከፍለውም ነበር።

ከ2008 ወዲህ፦ ታክሱና ውድቀቱ

ትልቁ መታጠፊያ በ2000 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት በአዋጅ ደነገገ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ቆዳ ተጨመረ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ወይ ጨርሳችሁ አልፉት፣ ወይ ተዉት። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው “ሌጦው ይሂድ” ንግድ በከባድ ታክስ መንገዱ ተዘጋበት።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ፒታርድስ በ2009 የኤጀርሳውን ፋብሪካ ገዝቶ ጓንቱን እዚሁ ማሰፋት ጀመረ፤ ሌጦ ሲገዛ የኖረው ድርጅት ሌጦውን ተከትሎ መጣ። ጃፓናዊቷ ሂሮኮ ሳመጂማ በ2012 አንዱ አመት የተባለውን የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ቦርሳ ይዛ ቶኪዮ ገበያ ገባች። የአገር ውስጥ ዲዛይነሮችም ቆዳን የፋሽን ልብስ አድርገው አቀረቡ። የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ቆራጭና ሰፊ ማሠልጠኑን ቀጠለ።

ግን ታክስ አንዱን በር ይዘጋል እንጂ ሌላውን አይከፍትም። ፋብሪካው ለኬሚካል የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ያጣል፤ ለፍሳሽ ማጣሪያ አቅም ያንሰዋል፤ የገባው ሌጦ ግማሹ ጠባሳ ነው። በዓለም ላይም ጫማና ጃኬት ከፕላስቲክ መሥራት ረክሶ የቆዳ ዋጋ ወረደ። ጥሬውን ወደ ውጭ መሸጥ ያቆመው ሰብሳቢ የአገር ውስጥ ፋብሪካ የሰጠውን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ዋጋው ሲዘቅጥ ሰብሳቢው ራሱ ሥራውን ተወ። ድሮ በፋሲካ ማግሥት “ቆዳ! የበግ ቆዳ!” እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ጠፋ፤ የቤቱ ልጆች ለኪስ ገንዘብ የሚጣሉበት ሌጦ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተጣለ። ይህን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፤ በበዓል ማግሥት በከተሞቻችን መንገድ ዳር ማለፍ ይበቃል።

ደቡቡ የራሱ ቁስል ነበረው። በ2018 በጌዴኦና በጉጂ መካከል የተነሳው ግጭት መቶ ሺዎችን ሲያፈናቅል፣ ቡናውን ከላይ ከብቱን ከታች የሚያገናኘው የገበያ ሰንሰለትም ተበጠሰ። ሰላሙ ሲመለስ ገበያውም ተመለሰ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ፤ ቡናውም ስሙን እየተከለ ሄደ። ቆዳና ሌጦው ግን ስም አላወጣም። በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ ስታስወጣ ጫማና ጓንት ላኪዎቹ ተመቱ። በ2023 ደግሞ እንግሊዝ ያለው ፒታርድስ ራሱ በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገባ።

ዛሬ “የ1920ዎቹ ዓይነት” ተብሎ በባሕር ማዶ የሚሸጠውን ጃኬት አዲስ አበባ ውስጥ መሥራት የሚችል እጅ አለ። ዚፑ ይመጣል፣ ገበሩ ይገኛል፣ ቆራጩ ሠልጥኗል። የጎደለው ጠባሳ የሌለው ሌጦ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጀምረው ከፋብሪካ ሳይሆን ከጓሮ ነው። መንግሥት ማድረግ ያለበት ግልጽ ነው፤ ሌጦ በደረጃው ይገዛ፣ ጠባሳ የሌለው አስበልጦ ይከፈልበት። ለመጪው በዓል በግ ወይም ፍየል የምታርዱ ደግሞ አራጁን በቢላ ከመቸኮል ይልቅ በጡጫ እየገፋ እንዲገፍፍ ንገሩት፤ ሌጦው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት ይበላሻልና ጨው በሥጋው በኩል ነስንሱበት፣ በጥላ ሥር አቆዩት፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ሰብሳቢ ከጠፋም ለሥጋ ነጋዴው ስጡት እንጂ ገንዳ ውስጥ አትጣሉት።